ገበቴ ውስጥ የሞላ ወንዝ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዋና ከተማው ሱቫ ላይ ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ የናቱዋሌ ወንዝ ሞላ። ቢያንስ የኡላሚላ ኮምፒውተር እንደዚያ አለ። ትንሽ ቆየና ጎደለ፤ ደግሞ ሞላ፤ ደግሞ ጎደለ። ኡላሚላ የወንዝ ጠባይ ስታጠና ዕድሜዋን የፈጀች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ቅብጥብጥ ወንዝ ግን አይታ አታውቅም።

አለቃዋ ጃግዲሽ በትከሻዋ በኩል አጎንብሶ አየው።

«ወንዝሽ ሰክሯል» አለ። «በዚህ ሳምንት ካላስተካከልሽው የውሃ መለኪያ መሣሪያውን ከድልድዩ ነቅለን ሌላ ወንዝ ላይ እንሰቅለዋለን። ያለን እሱ ብቻ ነው።»

ናቱዋሌ ከወንዙ አፍ ላይ የተቀመጠ መንደር ነው። አምና ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ መንደሩ ጠራራ ፀሐይ ላይ እያለ ጎርፍ ሆኖ ደርሶ፣ ልብስ የሚያጥቡ ሁለት እህትማማቾችን ወስዷል። ዘንድሮም ክረምቱ ደጅ ላይ ነው። መሣሪያው ከተነሳ ማን ይነግራቸዋል?

ሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈረች። ከመንደሩ በላይ ያለው ድልድይ ላይ ስትደርስ መሣሪያው የለም። ብሎኖቹ ተፈትተው በሥርዓት ተደርድረዋል። ሌባ ደግሞ ብሎን አይደረድርም። ወዲያው ገባት፤ ይሄ የታውቩ ሥራ ነው።

እሷ የተወለደችባት ደሴት ሰዎችና የናቱዋሌ ሰዎች ታውቩ ናቸው፤ የጥንት አባታቸው አንድ ነው ይባላል። ታውቩ ታውቩውን ቢሰድብ፣ ዶሮውን ቢወስድ፣ ሸሚዙን ከላዩ ላይ ቢያወልቅ ሃይ ባይ የለውም። የተወሰደበት ሰው «መልስ» ያለ እንደሆነ ጉድ ፈላ፤ እስከ ልጅ ልጁ ይሳቅበታል። በመካከላቸው አንቱታ እንኳ የለም፤ ሽበትም አያድንም።

እንዲህ ያለ ነገር የሚደፍረው ሽማግሌው ጀልባ ቀዛፊ ካሚኔሊ ነውና በቀጥታ ቤቱ ሄደች። መሣሪያው ከጣሪያው ወራጅ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ካቫ የሚሉት ከተክል የሚጨመቅ መጠጥ የሚቀርብበት ትልቁ ገበቴ፣ ዙሪያውን እግራቸውን አጣጥፈው የሚጠጡ ወንዶች። የመሣሪያው ሥራ ከሥሩ ያለው ውሃ ምን ያህል እንደቀረበው እያየ ለሱቫ መንገር ነው። ምስኪን፣ ሥራውን አላጓደለም። ገበቴው ሲሞላ «ሞላ»፣ ሲጠጣ «ጎደለ» እያለ ሲልክ ሰንብቷል።

«ነይ ግቢ፣ የዓሣ ሌባ ልጅ» አላት ካሚኔሊ። «ዕቃሽ ቤቴን አሳመረልኝ።»

«አንተ ጥርሰ ወላቃ፣ ጌጥ መሰለህ?»

«መልስ ልትይኝ ነው?»

ወንዶቹ ጆሯቸውን አቆሙ። ቃሉ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ነጥቃው ብትሄድ ማንም አይከለክላትም፤ ግን ሱቫ ሳትገባ መልሶ ይወስደዋል። ቁጭ ብላ በቅል የቀረበላትን ካቫ ጠጣች። ተናዳለች፤ በእሱ ሳይሆን በራሷ። መሣሪያው የተሰቀለ ዕለት መንደሩን ሰብስባ «መሣሪያዬን አደራ፣ መሣሪያዬን አደራ» ስትል ነበር የዋለችው። ታውቩን አደራ ማለት ለጅብ ሥጋ አደራ መስጠት ነው።

ቅሉን አስቀምጣ ተነሳች።

«ካሚኔሊ፣ እነዚህ ሁሉ ይስሙ። መሣሪያውን ሰጥቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው።» የመንግሥት ንብረት መሆኑን ለጊዜው ረሳችው።

ሽማግሌው ፈገግታው ቀዘቀዘ። «የኔ?»

«ያንተ። ቦታው ግን ድልድዩ ላይ ነው። የአንተ የሆነን ነገር ደግሞ እኔ መውሰድ እችላለሁ። ያለ ጠባቂ ያገኘሁት ቀን ጭኜው ነው የምሄደው፤ ደሴቴ በሙሉ ይስቅብሃል።»

ወንዶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ካሚኔሊ ራሱን አከከ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መሰላል ላይ ቆሞ ብሎን ሲያጠብቅ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ምንጣፉም ካቫውም ድልድዩ ሥር ካለው ዛፍ ጥላ ገቡ። «ስካሩ በረደለት» አለ ጃግዲሽ፣ ኮምፒውተሩን አይቶ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መስመሩ ሽቅብ ተተኮሰ። ኡላሚላ ደወለች።

«ካሚኔሊ፣ ገበቴ ነው በለኝ—»

«አይደለም፤ እያየሁት ነው። እዚህ እኮ ፀሐይ ነው።» ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ በኋላ ብትደውል፣ ብትደውል የሚያነሳ የለም። ፈራች። እህትማማቾቹ ፊቷ ላይ ድቅን እያሉባት ምሳዋን ሳትቀምስ ዋለች። ወደ ማታ ስልኳ ጮኸ።

«አንቺ የዓሣ ሌባ ልጅ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ኮረብታ ላይ ነን።»

«ሁላችሁም?»

«ሁላችንም። አሮጊቷን ሴሩዋን ተሸክሜ ስወጣ ጆሮዬን እየጎተተች ትሰድበኝ ነበር። መሣሪያዬም አለ፤ እንዳትቋምጪ።»

«ቤትህስ?»

«ሄደ። ገበቴውም ሄደ፤ የአያቴ ገበቴ ነበር። ወንዙም ታውቩዬ ሳይሆን አይቀርም። መልስ አይባልም።»

ኡላሚላ እየሳቀች አለቀሰች።

መንገዱ የተከፈተ ዕለት የአባቷን ገበቴ ይዛ መጣች። ካሚኔሊ እርዳታ ተቀበል ቢሉት ሞቱን የሚመርጥ ሰው ነው። ስለዚህ ገበቴውን ከጎኑ መሬት ላይ አስቀመጠችና ጀርባዋን ሰጥታው ወንዙን መመልከት ጀመረች። ብዙ ቆየች፤ ዞር ስትል ገበቴው የለም።