ከመታጠፊያው የመጣ ጭቃ

ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ለሚላጭ ሰው ሁሉ የሚነግረው አንድ ወሬ አለ። ሰውዬው አንገቱ ላይ ነጭ ጨርቅ ታስሮለት፣ አገጩ አረፋ ለብሶ፣ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ነው የሚጀምረው። «ከጎን ያለችውን ልጅ ታውቃታለህ? ብስክሌት የምትሠራዋን? እህቷን ከተራራ ላይ የጣለቻት እሷ ናት። በገዛ እጇ በመረጠችው ጎማ።»

በእሱ ቤትና በእኔ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። ምላጩ ጢም ሲፍቅ እንኳ ይሰማኛል። እንደምሰማም ያውቃል። ወሬውን ሲጨርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ኢንጂነር፣ እንዴት ዋልሽ?» ይለኛል።

«ደህና ነኝ ጋሼ። ዛሬ ሰውየውን የሚላጩት በምላጩ ነው በምላስዎ?»

ተላጪው ይስቃል። አንዳንዴ ሲስቅ ይቆረጣል፤ ያን ጊዜ ደስ ይለኛል።

ወሬው ውሸት ቢሆን ኖሮ ግድግዳውን ጥሼ ገብቼ ከነወንበሩ እገለብጠው ነበር። ችግሩ እኔም አምኜዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ የቴሌቪዥን ማሰራጫ ምሰሶ ከቆመበት ከተራራው አናት እስከ ታችኛው ሜዳ ቁልቁል የብስክሌት ውድድር ይደረጋል። ታላቅ እህቴ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሳምንቱን ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ ከመስታወት ጀርባ ቆማ፣ ሐኪሞች የጫሩትን ጽሑፍ ስትፈታ ትውላለች። እሑድ ሲመጣ እስከ ቅንድቧ ጭቃ ትሆናለች። አምና ለውድድሩ የተራራ ብስክሌቷን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ለፊት ሰፊና ጥርሱ ረጃጅም የሆነ ጎማ፣ ለኋላ ጠበብ ያለና ጥርሱ አጫጭር ጎማ ገጠምኩ። ንፋሱን በአውራ ጣቴ ለካሁ። «ሂጂ» አልኳት። ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ማብራራት አልወድም። እኔን ማንም አላስተማረኝም። የተጣለ ጎማ እየገለበጥኩ፣ ሰው የጠቀለለበትን የዕቃ ዝርዝር ወረቀት እየዘረጋሁ፣ ፈትቼ የገጠምኩትን እንደገና እየፈታሁ ነው የተማርኩት። በስንት መከራ ያገኘሁትን ለጠየቀኝ ሁሉ በሁለት ደቂቃ አላድልም እል ነበር።

ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛው ላይ፣ አፈሩ ቀይና ውሃ የማይጠጣ አንድ መታጠፊያ አለ። እህቴ እዚያ ወደቀች። የግራ ትከሻዋ አጥንት ተሰበረ፤ ክንዷን በጨርቅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ሰባት ሳምንት ከረመች። አሁን ድኗል፤ ግን ጋውኑን ስትለብስ የግራው ትከሻ ከቀኙ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል። ሐኪሙ ያንኑ ትከሻ ብትደግመው እጇ ከራሷ በላይ እንደማይነሳ ነግሯታል። የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ደግሞ ከራሷ በላይ ነው። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ አንድም ጊዜ «ያንቺ ጎማ» አላለችም። ብትሰድበኝ እመልስላት ነበር።

ዘንድሮ፣ ለውድድሩ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች።

«እወርዳለሁ» አለች።

«በማን ጎማ?»

«ትልቁ ሱቅ ያለው ሻጭ ሁለቱንም አንድ ዓይነት አድርጊ ብሎኛል። ጥንድ ነው፣ እንደ ጫማ፣ አለኝ።»

«እንደ ጫማ የሚያይ ሰው ጫማ ይሽጥ።»

«ታዲያ አንቺ ምረጪ፣ ትንሿ» አለች፤ እንደ ቀላል ነገር። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ የግራ ትከሻዋን በቀኝ እጇ ያዝ አደረገች። ማድረጓን ራሷም ያወቀች አይመስለኝም።

የዚያን ጊዜ ከሰዓት በኋላዎቹ ሁሉ አሁን ሳስባቸው አንድ ረጅም ቀን ይመስሉኛል። የሱቄ ጣሪያ አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ ሚስማር የወጣባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ፀሐይ ዘወር ስትል በቀዳዶቹ እየገባች፣ የተሰቀሉት ጎማዎች ላይ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ ብርሃን ትጥላለች፤ ብርሃኑም ከጥርስ ወደ ጥርስ በዝግታ ይራመዳል። ደንበኛ ሲጠፋ አግዳሚው ላይ ጋደም ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ከምሰሶው ሥር እነሳለሁ። ድንጋዩን አልፋለሁ። የደረቀውን ወንዝ አልፋለሁ። መንገዱ የተዘረጋ ጎማ፣ ጎማውም የተጠቀለለ መንገድ ይሆንብኛል፤ የቱ የቱን እንደሚያሽከረክር አላውቅም። ቀዩ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ጉም ይመጣል። መሪው ከእጄ ውስጥ እንደ ሳሙና ሙልጭ ይላል። ዓይኔን ስገልጥ ብርሃኑ ሌላ ጎማ ላይ ተሻግሮ አገኘዋለሁ፤ ከግድግዳው ማዶ ደግሞ ያው ድምፅ፣ «በገዛ እጇ በመረጠችው ጎማ።»

አንድ ሐሙስ፣ በሐሳብ መውረዱ ሰለቸኝና አካፋና ጆንያ ይዤ በአውቶቡስ ወጣሁ። የመታጠፊያውን አፈር ጆንያ ሙሉ ጫንኩ። ስመለስ ረዳቱ ጆንያውን በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ምንድነው ይሄ?» አለኝ።

«መታጠፊያ።»

«ስንት ዓመት ስሠራ መታጠፊያ ጭኜ አላውቅም» አለና ጆንያውን ከመቀመጫው ሥር ገፋልኝ።

አሮጌ በር ነበረኝ። አንዱን ጫፍ ጡብ ላይ አስደግፌ ቁልቁለት አደረግኩት። አፈሩን አፈሰስኩበት፤ የክረምቱን ዝናብ እስኪመስል ውሃ አጠጣሁት። ከዚያ ያሉኝን ጎማዎች አንድ በአንድ ቸርኬ ላይ እየገጠምኩ፣ በሁለት እጄ ተጭኜ አዘንብዬ ቁልቁል አሽከረክራቸው ጀመር። ጥርሳቸው ጥቅጥቅ ያሉት ሁለቴ ሳይዞሩ ጭቃ ሞልቷቸው ሊሾ ሆኑ። የሻጩ ጥንድ፣ ያ የተመሰገነው ጫማ፣ ከበሩ ላይ ተንሸራቶ እግሬ ላይ ወደቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ጆሮው ላይ ሰክቶ በራፌ ላይ ቆሟል። «ኢንጂነር፣ የጭቃ ቤት ልትሠሪ ነው?»

«የፊት ቅባት ነው ጋሼ። ወሬ ያበላሸውን ፊት ያጠራል። ልቀባዎት?»

«እህትሽን ቀቢያት፤ ባለፈው አልበቃትም መሰለኝ» ብሎ ሄደ።

አንድ ጎማ ቀርቶኛል። ከሱቄ በር ጀርባ፣ ማዳበሪያ ከረጢት አልብሼ ዓመቱን ሙሉ ሳልነካው የሰቀልኩት፤ የአምናው የፊት ጎማ። ከረጢቱን ስገፍ ያው ቀይ አፈር ከጥርሶቹ መሃል ደርቆ እንደ ዱቄት ረገፈ። ገጠምኩት። ተጭኜ ለቀቅኩት።

ጭቃውን እንደ ማንኪያ ቆረጠው። ረጃጅሞቹ የጎን ጥርሶች ይነክሳሉ፣ ዞረው ሲመጡ የነከሱትን ይተፋሉ፣ ንጹሕ ሆነው እንደገና ይነክሳሉ። ደገምኩት። ውሃ ጨመርኩና ደገምኩት። በሩን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ዘጠኝ ጊዜ ያንኑ መለሰልኝ። ከዚያ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

እህቴን የጣላት ጎማ ልክ ነበር። ወይም ልክ እንዲሆን ፈልጌ ነው። ኩራቴን አውቃታለሁ፤ የእኔን ድምፅ አስመስላ የምትናገር ጎበዝ ናት። የዓመት ሙሉ ሐሜት እንዲጠፋልኝ ብዬ ያንኑ ጎማ ያንኑ ትከሻ ሥር ላስገባ ነው? እጆቼን አየሁ፤ እስከ ክርን ቀይ ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ እጅ ብቻ መፍረድ ፈራሁ።

ቅዳሜ እህቴ ከነጋውኗ መጣች። በሩን፣ ጭቃውን፣ የተደረደሩትን ጎማዎች አየች።

«እኔ አልመርጥም» አልኳት። «እኔ አሳይሻለሁ፣ አንቺ ትመርጫለሽ።»

«አንቺ? ልታሳዪኝ?» እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት ለካች። «መድኃኒት ላምጣልሽ?»

«እጅጌሽን ሰብስቢ።»

ሁሉንም በየተራ አሽከረከረች። የግራ እጇ ቶሎ ይደክማል፤ አላየሁም መስዬ ጠበቅኩ። እያሽከረከረች ሳለ አፌ ተከፈተ፤ ዓመታት የታሸገው ሁሉ ይወጣ ጀመር። የፊት ጎማ መንገድ የሚይዘው ነው አልኳት፤ እሱ ከሸሸ፣ መሸሹን ከማወቅሽ በፊት መሬት ላይ ነሽ። ስለዚህ ሰፊውና ለስላሳው፣ ጥርሱ ረጅሙ ለፊት። የኋላው ቢሸሽ ግን ቀጥ ለማለት ጊዜ ይሰጥሻል። እሱ የሚሸከመው ክብደትሽንና ፔዳልሽን ነው፤ ድንጋዩንም የሚቀምሰው እሱ ነው፤ መሃሉ አጭር ጥርስ ሆኖ ቶሎ ይሽከርከር፣ ጎኑ ግን ጠንካራ ይሁን። ጎኑ ላይ ያለው የቀስት ምልክት ወደምትሄጂበት ይዞራል፤ ከተገለበጠ ጥርሱ ጭቃውን አይተፋም፣ ይውጣል።

«ንፋሱስ?» አለች።

«የፊቱ ከኋላው ያነሰ ነው። አውራ ጣትሽ ትንሽ መስመጥ አለበት። ለስልሶ መሬቱን ሲያቅፍ ነው ጥርሱ ሁሉ የሚሠራው። ድርቅ ካለ ጫፍ ጫፉ ላይ ቆሞ ይንሳፈፋል።»

አውራ ጣቷን የፊት ጎማው ላይ አሳረፈች። ተጫነች። ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም፤ ብርሃኑ ከጎማው ላይ ተነስቶ ጥፍሯ ላይ እስኪደርስ።

«አምናም እንደዚሁ ነበር የሰጠሽኝ?»

«እንደዚሁ።»

«እንደዚህ ለስላሳ?»

«እንደዚሁ አልኩሽ እኮ።»

ጣቷን በጋውኗ ጠረገች፤ በነጩ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። «ይሄንኑ ግጠሚልኝ» አለች።

«ይሄ ያ ነው። የጣለሽ።»

«አውቃለሁ። ግጠሚ።»

ያዘነችልኝ መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ ገጠምኩ።

እሑድ ጠዋት ጉሙ ተራራውን ጠቅልሎት ነበር። ቀዩ መታጠፊያ ላይ፣ ጠርዙ ዘንድ ቆምኩ። መጀመሪያ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ ካቴና ሲንቀጫቀጭ፣ ፍሬን ሲያለቅስ፤ ከዚያ ጉሙ ተቀዶ አንድ ሰው ይወጣል፣ ይዞራል፣ ይጠፋል። አንዱ ወደቀ፤ ተነስቶ ብስክሌቱን ሰደበ። ሌላው በእግሩ ተደግፎ አለፈ። ከዚያ አንድ ረጅም ጸጥታ ሆነ፤ የአግዳሚዬ ሕልም መጣና ጎኔ ቆመ።

እህቴ ከጉሙ ወጣች። ዝቅ ያለው ትከሻዋ ወደ ውስጥ አዘንብሏል። የፊቱ ጎማ ጭቃው ውስጥ ገባና ያዘ። የኋላው አንድ ስንዝር ሸሸ፤ ልቤም አብሮት ሸሸ። ያን ጊዜ ሳቋን ሰማሁ። እየሳቀች ቀጥ አለች፤ ጉሙም ተቀበላት።

ጭቃው ላይ ሁለት መስመር ቀረ፤ አንዱ ጥልቅና ጥርሱ የሚቆጠር፣ ሌላው ከጎኑ እንደ ማዕበል የተለመጠ። ቁጢጥ ብዬ ሳይ፣ ሳይ፣ አንዱ ከላይ «ከመንገድ ውጪ፣ አንቺ ልጅ!» ብሎ ጮኸብኝ። ዘጠነኛ ነው የወጣችው። ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ አንስታ ነበር ሜዳው ላይ የጠበቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ የግድግዳው ማዶ ወሬ ተለውጧል። «ከመታጠፊያው አፈር አምጪ ብዬ ያማከርኳት እኮ እኔ ነኝ» ይላል አሁን፤ አረፋ የለበሰው አገጭም እህ ይላል። ተውኩት። ሰው ሲጠይቀኝም በሩን ጡብ ላይ አጋድሜ አሳያለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው ያልኩት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ጎማው እህቴን ዓመት ሙሉ ተሸከማትና በመጨረሻ እሱም ሊሾ ሆነ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በራፌ ላይ የሚነጠፍ እግር መጥረጊያ ላደርገው በቢላ እየቆራረጥኩት ነው። እህቴ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። የብርሃኑ ክቦች እኛን አልፈው ሄደዋል።

«ያን ቅዳሜ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር» አለች። «ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ስታስረጂኝ አየሁና፣ እንዳታቆሚ ብዬ ዋጥኩት። ከዚያም ረሳሁት።»

«ምኑን?»

የተቆረጠውን የጎማ ቁራጭ አንስታ በአውራ ጣቷ ተጫነችው።

«የወደቅኩ ዕለት፣ ላይ ምሰሶው ሥር ሆኜ፣ የፊቱ ጎማ ለሰለሰብኝ። ንፋስ መሙላት ረስተሽ መሰለኝና ከአንዱ ተወዳዳሪ መንፊያ ተውሼ ድንጋይ እስኪሆን ነፋሁት።»