የሙሀመድሰዒድ እንግሊዝኛ

ባሌ ሙሀመድሰዒድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እንግሊዝኛ ያውቃል ተብሎ ሊጠፋ ነበር። እንግሊዝኛ የተባለችውም አንዲት ቃል ነበረች።

ቃሏን ያመጣት ከገዳሪፍ ነው። ጣሊያን ሳይገባ ከቡና ነጋዴዎች ጋር ሱዳን ወርዶ አንድ ክረምት ጥጥ መጋዘን ውስጥ ሲሸከም ከረመ። የመጋዘኑ አለቃ እንግሊዝ ነበር፤ ሰውየው ከጧት እስከ ማታ «ጌት» ይላል። የሰው ባል ሱዳን ወርዶ ሽቶና ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ የኔው «ጌት»ን ይዞ መጣ።

ከመጣማ በኋላ ማን ይቻለው። ጎረቤታችን አያ ኢስሀቅ ታንኳ ሠሪ ነበሩ። እሳቸው ደንገሉን ሲያስሩ እሱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያስተምራል።

«ይስሙ አያ ኢስሀቅ፣ ብቻውን ከሆነ አምጣ ማለት ነው። አፕ የምትል ጅራት ቢቀጥሉበት ተነሣ ይሆናል። አውት ቢሉበት ውጣ፣ ኢን ቢሉበት ግባ። ነገር ሲገባዎትም ጌት ነው፣ ሲታመሙም ጌት ነው፣ ሚስት ሲያገቡም ጌት ነው፣ ሲመሽም ጌት ነው።»

«ታዲያ እንግሊዝ ሌላ ቃል የለውም?»

«ምን ያደርግለታል?» ይላል ባሌ።

እኔ ይኸን ስሰማ ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ዓሣ እያጠብሁ አላስችል አለኝና፣ «የኛስ ‹ያዘ› ምን አነሰው?» አልሁት። «ሌባ ተያዘ፣ ጉንፋን ያዘኝ፣ መንገድ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ችግኙ ያዘ። ለዚህ ብሎ ሱዳን ድረስ የወረደ ሰው አለ? አንተንም ይኼ ምላስህ አንድ ቀን ያስይዝሃል።»

ሳቀብኝ። ደግ ሰው ነበር፣ ታታሪም ነበር፤ ነገር ግን «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። «ልክ ነሽ»ም እንደዚያው።

ይቺ ቃል የጠቀመችን አንድ ቦታ ብቻ ነው። እናቱ እማማ ኡሙሰልማ ከኛው ጋር ይኖሩ ነበር፤ ጆሯቸው ግድግዳ ይበሳል። ስለዚህ ምሥጢር ሲኖረን በወፍ ቋንቋ እናወራለን። ልጃገረድ ሆነን ሐይቁ ዳር ልብስ ስናጥብ፣ ወንዶቹ እንዳይሰሙን በየፊደሉ ኋላ «ዝ» እየሰካን የምናወራበት ነው፤ የባህር ዳር ሴት ሁሉ ያውቀዋል። ባሌ ግን እንደ ሰው «ዝ» አይልም፣ «ጌት» ይሰካል። ዘይቱና ብሎ ሊጠራኝ «ዘጌት-ይጌት-ቱጌት-ናጌት» ይላል። እማማ ኡሙሰልማ ከሩቅ ገጠር የመጡ ስለነበሩ ነገሩን አያውቁትም። «ልጄ እኮ ለሚስቱ እንግሊዝኛ እያስተማራት ነው» እያሉ ሰፈሩን ሁሉ አዳረሱት።

ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር የተጣላ ሰሞን ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እንግሊዝ በሱዳን በኩል ለአርበኞች መሣሪያ እየላከ ነው ተባለ፤ ሱዳንን የረገጠ ሁሉ ሰላይ ሆነ። አንድ ጧት አስካሪ የሚባሉት የጣሊያን ወታደሮች መጥተው ሙሀመድሰዒድን ከታንኳው ላይ አውርደው ወሰዱት። ወሬው ለኔ ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ተከትዬ ሮጥሁ።

ካምፑ ሐይቁ ዳር ነው። የጎርጎራው ሞተር ጀልባ ተጠግቶ ቆሟል። እስረኛ የሚጭነው እሱ ነው፤ ጎርጎራ ያወርዳቸዋል፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ነው። በዚያ ጀልባ ሄዶ ሲመለስ ያየነው ሰው የለም።

ተነንቴ የሚሉት ጣሊያን ሹም ዛፍ ጥላ ሥር ጠረጴዛ አስወጥቶ ተቀምጧል። አስተርጓሚው ወልደ ዮሐንስ የሚባል የሐማሴን ሰው ነው፤ ማዕረጉ ሹምባሽ ነው። ባሌ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ ፊታቸው ቆሟል። እኔ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ቀድሞኝ ደርሷል። «ስለ እንግሊዝኛው ተጠራ» የሚል ወሬ ሰምተው፣ መንግሥት አስተርጓሚ አድርጎ ሊቀጥረው ነው ብለው ሊመሰክሩለት መምጣታቸው ነበር። እጁ ከኋላው መታሰሩን ማን ልብ ይላል።

ተነንቴው በሹምባሹ አፍ፣ «ይህ ሰው እንግሊዝኛ ያውቃል?» ብሎ ጠየቀ።

አያ ኢስሀቅ ኩታቸውን አስተካክለው ወጡ። «ያውቃል ወይ ይሉኛል ጌታዬ? ይህ ሰው የሚያልመው በእንግሊዝኛ ነው። እኔን ደንቆሮውን እንኳ አስተምሮኛል።»

ሹምባሹ ሲተረጉም ተነንቴው ጻፈ። እኔ ከኋላ ሆኜ በዓይኔ ብጠቅስ፣ ከንፈሬን ብነክስ፣ አያ ኢስሀቅ ደስታ መስሏቸው ፈገግ አሉልኝ።

ቀጥላ ጠላ ሻጭዋ ወዳጄ እናትዓለም ወጣች። ስታልፍ ወገቧን ቆነጠጥኋት፤ በርቺ ያልኋት መሰላት። «ነገ እንግሊዞቹ ቢመጡ ከእሱ ሌላ ማን ያነጋግራቸዋል? እነሱም ቢሆኑ የሚጠይቁት እሱን ነው» አለች።

የባህር ዳር ሰው ለጎረቤቱ ሲመሰክር አይሰስትም። እያንዳንዱ ምስክር ባሌን አንድ እርምጃ ወደ ጀልባው አስጠጋው። ሞተሩን ሊያስነሱት ሲሞክሩ ሲያስለው ሰማሁ።

ሰውን ገፍቼ ወጣሁና፣ «ጌታዬ፣ ይኼ ሰው የሚያውቀው አንዲት ቃል ነው፤ የቀረው ጉራ ነው» አልሁ።

«ሚስቱ ናት፣ ልትደብቀው ነው» አለ ተነንቴው። ጎረቤቱም አጉረመረመብኝ። አያ ኢስሀቅማ፣ «ምቀኝነት ከቤት ይጀምራል ማለት ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

እንግዲህ እዚያ ቦታ እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ተነንቴው አያውቅም፣ ሹምባሹ አያውቅም፣ እኛ ከየት እናመጣዋለን። ተነንቴው ግን ሲነገር በጆሮዬ እለየዋለሁ አለ። ወደ ባሌ ዞሮ፣ «ታውቃለህ አታውቅም? ካወቅህ ተናገር፣ እንስማህ» አለው።

ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ ነበር። «አላውቅም» ቢል ያበቃል። ሙሀመድሰዒድ ሰዉን አየ። አያ ኢስሀቅ ልጃቸው የተሾመ ይመስል ደረታቸውን ነፍተው ይጠብቃሉ። አፉን ከፈተ፤ ቃሏ አልወጣችም። በልና ተገላገል እያልሁ በሆዴ ለመንሁት።

ከዚያ እኔን አየኝና ጀመረ።

«ፈጌት-ራጌት-ሁጌት፣ ዘጌት-ይጌት-ቱጌት-ናጌት…»

ብሎ ቀጠለ፣ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ።

«ሰማችሁ? እንደ ውሃ ነው የሚፈሰው» አሉ አያ ኢስሀቅ። ሰዉ አጨበጨበ። ተነንቴው ብዕሩን አስቀምጦ በእጁ ወደ ጀልባው አመለከተ። ሁለት አስካሪዎች ባሌን በክንዱ ያዙት።

እኔ እየሳቅሁ ነው እያለቀስሁ ነው፣ እስከ ዛሬ አላውቀውም። ጠረጴዛውን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«ይኼ እንግሊዝኛ ከሆነ እኔም እንግሊዝ ነኝ» አልሁ። «ይኼ የሴቶች የወፍ ቋንቋ ነው፤ እሱ ጌቱን ሰካበት እንጂ።» ሹምባሹ ተርጉሞ ሳይጨርስ ወደ እናትዓለም ዞርሁ። «ጠዝ-ላዝ-ሽዝ ደዝ-ረዝ-ሰዝ ወዝ-ይዝ?»

እናትዓለም ሳታስበው፣ «ነዝ-ገዝ» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች።

በአጥሩ በኩል እንስራ የተሸከሙ ሴቶች ቆመው ያዩን ነበር። ነገሩ ገባቸውና ተቀበሉን። አንዷ በወፍ ቋንቋ የተነንቴውን አፍንጫ አነሳች፣ ሌላዋ ቦርጩን አነሳች፣ ሦስተኛዋ ያነሳችውን አልናገረውም። ካምፑ እንደ ንብ ቀፎ «ዝ ዝ ዝ» አለ። ሹምባሽ ወልደ ዮሐንስ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። «በኔ አገርም እህቶቼ እናቴን የሚያታልሉበት እንዲህ ያለ ነገር ነበራቸው» ብሎ ለተነንቴው አስረዳ። ተነንቴው ሴቶቹን አየ፣ ባሌን አየ፣ የጻፈውን ወረቀት አየ። ይህን ሁሉ ሴት በሰላይነት ጭኖ ጎንደር የሚያደርስ ጀልባ አልነበረውም።

«እሺ፣ ባልሽ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ፈራሁ ነው ያለው። አንዲት ቃል ብቻ ነው የማውቀው፣ ሌላውን አላውቅም፤ ሰው ፊት ማለት አቃተኝና አንቺ በይልኝ፣ ብሏል።»

አያ ኢስሀቅ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ደግሞ ለዘመናት ስመኘው የኖርሁት ቀን ነበር፣ ይኼ ጉረኛ በአደባባይ ሲዋረድ ማየት፤ ሲሆን ግን ማየት አልቻልሁም፣ ፊቴን አዞርሁ።

«እንዲህ ነው ያልኸው?» አለው ሹምባሹ።

ሙሀመድሰዒድ መሬቱን አየ። «ነው» አለ። ከዚያም ቀስ ብሎ፣ በደህና አማርኛ፣ «አላውቅም» አለ።

ተነንቴው ወረቀቱን ጨምድዶ ጣለው፣ በእጁም ወደ በሩ ጠቆመ። ባሌ ደንግጦ አልተንቀሳቀሰም። አያ ኢስሀቅ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ «ጌት አውት እያለህ ነው» አሉት።

ወጣን። ጀልባው ያለ እሱ ሄደ፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ሐይቁ ዳር ቆመን አየነው። ወደ ቤት ስንሄድ ጎረቤቱ ሁሉ ራቅ ብሎ ይከተለናል። ማንም አልሳቀበትም፤ እንዲያውም እናትዓለም ያልደረሰ ጠላዋን ልክፈትላችሁ ብላ ነበር፣ እኛ እንደማንጠጣ ረስታው።

ለተነንቴው ያልተረጎምሁት አንድ ነገር አለ። ባሌ ያን ሁሉ ተናግሮ መጨረሻው ላይ፣ አስካሪዎቹ ክንዱን ሲይዙት፣ «ልጌት-ክጌት ነጌት-በጌት-ርጌት-ሽጌት» ብሎኛል። ከአፉ ወጥታ የማታውቀዋ ናት፤ ያ የኔ ነው፣ ለጣሊያን አይሰጥም።

ቤታችን ደጃፍ ስንደርስ እጁን ያዝሁና፣ «በል እስኪ፣ የመጨረሻዋን ያለ ጌት ድገማት» አልሁት።

አየኝ፣ አሰበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«የትኛዋን?» አለኝ።