ይፍረስ ተብሎ የተሠራ ቤት

ቱምቢ የሚሉት ግንበኛ ግድግዳው ቀጥ ካላለለት እንቅልፍ አይወስደውም። እንግዲህ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ኢንጂነር ሰው አጥቶ ይመስል፣ የሚፈርስ ቤት ሥራልን ያለው እሱን ነው።

በላቦራቶሪው አዳራሽ መሀል ሰፊ የብረት መድረክ አለ። ከሥሩ ያሉት ፓምፖች ሲገፉት ልክ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ይንገጫገጫል። መድረኩ ላይ ሁለት ትንንሽ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አንዱ ፌሮ ብረት የገባበት፣ ሌላው ሰው በየሰፈሩ እንደሚሠራው ብሎኬትና ስስ ሲሚንቶ ብቻ። ይሄኛው መፍረስ አለበት። አፈራረሱ ታይቶ ነው ለሰው ምክር የሚሰጠው። ቱምቢ ይህ ሲነገረው ገባኝ አለ።

ጣጣው የመጣው ሙከራውን እንዲያይ ሰው ሲጋበዝ ነው። ሚስቱ እናቴን ይዤ እመጣለሁ አለች። አማቱ ደግሞ በዚያው ሰሞን ቤት ሊሠሩ አስበው፣ ግንበኛ አማች እያላቸው ሌላ ግንበኛ ያጠያይቁ ነበር። የእጁ ሥራ እሳቸው ፊት ዱቄት ሆኖ ሲበተን ታየው። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ጠብቆ በሚፈርሰው ቤት በየብሎኬቱ መሀል ሽቦ ቀበረ፤ ሲሚንቶውንም ሳይሰስት ጨመረ።

ቀኑ ደርሶ አማቱ ከፊት ወንበር ላይ ተሰየሙ። መድረኩ ተንገጫገጨ፣ የአዳራሹ መስኮቶች ተንጫጩ፤ ቤቶቹ ግን ሁለቱም ቆሙ። ኢንጂነሩ ጨምሩበት አለ። የቱምቢ ቤት ወይ ፍንክች። አማቱ ወደ ልጃቸው ዘንበል ብለው፣ ለካስ እጁ ደህና ነው ሲሉ ቱምቢ ሰማ። ደረቱ ተነፋ።

ኢንጂነሩ ራሱን እያከከ ለእንግዶቹ መናገር ጀመረ። እንደሚታየው የሰፈር ቤት ምንም ሳይጨመርበት መንቀጥቀጡን ይችላል፣ ለሰዉም ይኸው ይነገረዋል አለ። ቱምቢ በየሰፈሩ የገነባቸው ቤቶች፣ ውስጣቸው የተኙት ልጆች ፊቱ ድቅን አሉበት።

«ኢንጂነር፣ እሱን እንኳ አይንገሯቸው» አለ። «ሽቦ ደብቄበታለሁ።»

«ለምን?»

«አማቴ ይመጣሉ ብዬ።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አማቱ አልሳቁም። ተነስተው ግድግዳውን ኳ ኳ አደረጉና፣ ጥፋቱን ሰው ፊት ያወጣ ግንበኛ ሌላ የት አገኛለሁ፣ ቤቴን እሱ ይሥራ፣ ሽቦውንም ሳይደብቅ ያግባልኝ አሉ። የላቦራቶሪው ቤት ግን እንደገና ይሠራ ተባለ። እንዳያታልል ማን ይጠብቀው ሲባል፣ እሳቸው እኔ አለሁ አሉ።

ወንበር አስመጥተው መድረኩ ሥር ተቀመጡ። ሲሚንቶ ሲያፍስ በዛ፣ ቀንስ ይሉታል። ብሎኬት ሲያስተካክል ተወው፣ ይጣመም። እጁ ለምዶበት የግድግዳ መለኪያ ገመዱን ቢያነሳ ነጥቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ቱምቢ ዕድሜ ልኩን እንደዚያ የተሠቃየበት ሥራ የለም።

በሁለተኛው ሙከራ መድረኩ ገና ከመነሳቱ ቤቱ ተንኮታኩቶ ወረደ። ኢንጂነሩ ደስታውን አልቻለውም። አማቱ ብድግ ብለው አጨበጨቡና ዘግይታ ገብታ አጠገባቸው ወደተቀመጠችው እንግዳ ዞሩ።

«አማቼ ነው የሠራው» አሏት። «አሁን ደግሞ የእኔን ሊጀምርልኝ ነው።»

ሴትየዋ ፍርስራሹን አየች፣ እሳቸውን አየች። ከዚያ ወንበሯን ቀስ አድርጋ ራቅ አደረገች።