ጣውንቴ ብረት ናት

«አልጠፋችም?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ የሻይ ብርጭቆውን አፉ ላይ እንደ ደቀነ።

«አልጠፋችም። ግን ውሃ ጠምቷታል» አለው አሁን ከውጭ ገብቶ አጠገቡ የተቀመጠው በያጅ። «ተራው ያንተ ነው፤ ቶሎ በል።»

ሐኪሙ ብርጭቆውን ወንበር ሥር አስቀምጦ፣ ለቀስተኛውን በአንገቱ ይቅርታ እየጠየቀ ሹልክ ብሎ ወጣ። ከኋላቸው የተቀመጠችው የሟች እህት ጆሮዋ ቆመ። ከሩቅ መጥታ ወንድሟን አልቅሳ ከቀበረች ወዲህ እነዚህን ሰዎች ስትታዘብ ነው የሰነበተችው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ የገባው ሁሉ ደግሞ ጭስ ጭስ ይሸታል። መጀመሪያ ሲጋራ መስሏት «ያውም የጥርስ ሐኪም!» ብላ ነበር። አሁን ግን ነገሩ ሌላ ሆነባት። ውሃ የጠማት፣ በተራ የምትጠበቅ፣ ገና ያልጠፋች ሴት!

እየተንደረደረች ጓዳ ገባች። የሟች ሚስት ተቀመጪ ብትባልም እምቢ ብላ ብርጭቆ ታጥባለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ልጅ ስትቀበል የኖረች አዋላጅ ናት፤ እጇ ሥራ ሲፈታ ያማታል።

«አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እነዚያ ሰዎች ‹አልጠፋችም፣ ጠምቷታል› ይባባላሉ። ወንድሜ ሌላ ሴት ነበረችው?»

«ነበረችው እንጂ» አለች አዋላጇ፣ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ እያየች። «ጣውንቴ ናት። ዐይኗን አላየሁትም እንጂ ወሬዋን ስሰማ ነው የኖርኩት።»

«ኧረ ጉድ በይኝ!»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ ዘንድ ነው የሚውለው። ማታ ኮሌታው በግራሶ ተጨማልቆ...» ሳቋ መጣባት። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላት አፏን በፎጣ ያዘች። «ባቡር ናት እኮ! ያቺ የእንፋሎቷ፣ የጠባቡ ሐዲድ!»

ሟቹ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁን ዘግቶ ቤት የዋለ ጊዜ ነው የጥርስ ሐኪሙ ጎትቶ አሮጌው የባቡር ጋራዥ የወሰደው። እዚያ ዘመን የተዋት አንዲት ትንሽ ባቡር ዝጋ ቆማለች፤ የሐዲዷ ስፋት ሰው እግሩን ከፈት አድርጎ የሚቆምበትን ያህል ብቻ ነው። የማይተዋወቁ ሰዎች ያለ ምንም ክፍያ፣ እንዲያው በፍቅር፣ ሊያድኗት ተሰባስበዋል። እሱም በፍቅር ወደቀ። ችግሩ እጁ ከመርፌ ሌላ አያውቅም፤ መፍቻ ሲሰጡት በሁለት ጣቱ ነው የሚይዘው። ጥቂት ብሎን ካበላሸ በኋላ ተመካክረው እሳት ማንደዱን ሰጡት። ይህን ሲነግራት እንደ ተሾመ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነበር።

አዋላጇ ግን ቀናች። የምሯን ቀናች። ልጅ ድረው፣ ሥራ ትተው፣ ገና አንድ ላይ ቁጭ ልንል ነው ስትል ብረት ቀማቻት። በየቅዳሜው «ዛሬስ አትመጪም?» ይላታል። «ጣውንቴን ሰላም በልልኝ» ትለዋለች። ማታ ሲመለስ «ሰላም ብላሻለች» ይላታል። አንድ ቀን ቢነዘንዛት «የተነሳች ዕለት እመጣለሁ» አለችው፤ የምትነሳ አልመሰላትማ። በመጨረሻዋ ማታ ታጥቦ፣ በልቶ፣ እንደ ልጅ እየፈነደቀ «ለኮስኳት! ነገ ትነሳለች፤ ቃልሽን እንዳትበዪ» ብሏት ተኛ። በዚያው ቀረ።

ይህን ስታስብ ቆየችና ድንገት እጇ ሳሙናው ላይ ቀጥ አለ።

«ምን ጠማት ነው ያሉት?»

«ውሃ።»

የቀዘቀዘ ብረት ውሃ አይጠማውም። አዋላጇ እጇን ሳታደርቅ ወጥታ በያጁ ፊት ቆመች። በያጁ ላብ አጠመቀው።

«እትዬ፣ ይማሩን» አለ በሹክሹክታ። «እሳቱ... እሱ እንደ ለኮሰው ነው ያለው። እናጥፋው ብንል በእጁ የለኮሰው ነው፣ ማን ይድፈር? እናንቀሳቅሳት ብንል እርስዎ ለቅሶ ላይ ተቀምጠው እንዴት ሆኖ? እና እስኪለይለት ድረስ በተራ ትንሽ ትንሽ ማገዶ፣ ትንሽ ትንሽ ውሃ...»

«ከዚያች ማታ ጀምሮ?»

«ከዚያች ማታ ጀምሮ።»

ልቧ ሞቅ አለ። ከእሱ የቀረ አንድ ያልቀዘቀዘ ነገር አለ ማለት ነው።

«ውሰደኝ» አለች።

«ለቀስተኛውን ትተሽ?» አለች እህትየዋ።

«ለቀስተኛው ሻይ አለው። አንቺም ነይ፤ ጣውንቴን አይተሽ ትፈርጃለሽ።»

ጋራዡ ቅርብ ነው። ባቡሯ ካሰበቻት በጣም ታንሳለች፤ «የሰው ባል ቀማኛዋ ይቺ ናት?» አለች፣ ለራሷ ያህል። የጥርስ ሐኪሙ ከምድጃው አፍ ፊት ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያንቀላፋል፤ ሲያያት ብድግ አለ። ዐይኑ ደም ለብሷል። ጎንበስ ብላ አየች። እሳቱ ትንሽ ነው፣ ቤት ውስጥ ከሚነደው ብዙም አይበልጥም።

«እስከ መቼ ይቆያል?»

«ማገዶ እስካለ ድረስ፣ እትዬ።»

እኔም ተራ ልግባ፣ ልትል ምንም አልቀራት። ዕድሜ ልኳን እዚያ ሣጥን ላይ ብትቀመጥ ደስታዋ ነበር። ግን የሐኪሙን ዐይን አየች፤ ግድግዳው ሥር የተመናመነውን ማገዶ አየች፤ ባቡሯም ውስጧ ይንተከተካል፣ ትቃትታለች። ይህን ድምፅ አዋላጇ ታውቀዋለች።

«እናንተ!» አለች። «ምጥ የያዛትን ሴት ይህን ያህል ቀን ያስተኛሉ? ነውር አይደለም? በሉ ማገዶውን ጨምሩ፣ ትገላገል!»

ሁለቱ ተያዩ፤ ከዚያ ሩጫ ሆነ። ስልክ ተደወለ። ለቅሶ ቤት የቀሩት ባልደረቦች ሻያቸውን ጥለው መጡ፤ ጎረቤትም ተከተለ። ከሰዓት በኋላ ባቡሯ አንዴ አስነጠሰች፣ ነጭ እንፋሎቷን ለቀቀች፣ ተነሳች። ብስክሌት የሚቀድማት ናት፤ ቢሆንም ተነሳች። እህትየዋ ጥቁር ልብሷ ላይ ጥላሸት እየዘነበ «ወንድሜን!» ትላለች፣ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አይለይም። አዋላጇ ከነጂው አጠገብ ቆማ እስከ ሐዲዱ መጨረሻ ሄዳ ተመለሰች። እንባዋም ወረደ፣ ጥርሷም አልተከደነም። እንዴት ያለ ነገር ነው የደበቅከኝ ልትለው አሰበች፤ ደብቋት አያውቅም፣ አልመጣ ያለችው እሷ ናት።

ማምሻውን ባቡሯ ቦታዋ ገባች፤ ሰዉም እየተሳሳቀ ተበተነ። ምድጃው ውስጥ ፍሙ እየደበዘዘ ነው። በያጁ እንደ ለመደው ከክምሩ አንድ ፍልጥ አንስቶ ወደ ምድጃው ጎንበስ አለ።

«ስጠኝ» አለች አዋላጇ።

በእጇ ልትጨምር መስሎት ሰጣት። ፍልጡን ደረቷ ላይ ታቅፋ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ሄዳ ክምሩ ላይ መለሰችው።