ለዝናብ የተገዛው መነጽር

ደባልቄ ባለፈው ክረምት የአማቱን ገዳዮች ዓይኑ እያየ አሳልፏቸዋል። የዳቡስን ወንዝ መሻገሪያ ሲጠብቅ የዋለው እሱ ነበር። ዶፍ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ላስቲክ ተከናንቧል፤ የመንደሩ ሰዎች መስለውት ዝም አለ። ሽፍቶቹ ገብተው ሽማግሌውን በገዛ ደጃቸው በገጀራ ቆራርጠው ከብቱን ነዱት። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ አዲስ ነበር፤ ሽፍታው ግን ያው የጥንቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ደባልቄ ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። በዝናብ ውስጥ የሰው ፊት ለይቶ የሚያሳይ መነጽር ሳልገዛ ዳግመኛ መሻገሪያው ላይ አልቆምም ብሎ ማለ።

ሰኔ ሲገባ አሶሳ ሄዶ ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ ዕቃ የሚያመጣውን ነጋዴ ዐወድን አገኘው። ዐወድ ሁለት የሩቅ መነጽሮች አወጣ፤ አንዱ ትልቅና የሚያብረቀርቅ፣ ሌላው አጭር ሆኖ ጥቁር ጎማ የለበሰ።

«ውኃ ውስጥ ንከራቸው» አለ ደባልቄ።

ባልዲ ቀረበ። የሚያብረቀርቀው ገና ከመጥለቁ አረፋ ተፋ፤ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ውኃ ይንቦጫረቃል። ባለጎማው ግን አንዲት አረፋ ሳይተነፍስ ቆይቶ ወጣ። ደባልቄ ጠራርጎ ሲያይበት፣ ከገበያው ማዶ ጣሪያ ላይ ያረፈችው እርግብ ዓይኗን ስታርገበግብ ታየችው።

እዚያው ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ግን እንደ ደባልቄ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ደንብ አላቸው፤ የኩርሙክ ዕቃ ሆዱ ሳይታይ አይገዛም። አንድ ጎረቤታቸው የገዛው ሬዲዮ ቢከፈት ጭቃ ተጠቅጥቆበት ስለተገኘ፣ ከዚያ ወዲህ የእጅ ባትሪም ቢሆን ሳይፈታ የሚገዛ ሰው እንደ ጅል ይቆጠራል። ደባልቄ ሴንጢውን መዞ የመነጽሩን ዓይን ይፈለቅቅ ጀመር።

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ አትክፈት!» ብሎ ጮኸ ዐወድ። «ውስጥ ደረቅ አየር አለ፣ ፋብሪካ ዘግቶታል። እሱ ከወጣ፣ ዝናብ ጊዜ ከውስጥ ጉም ይሆናል። ወላሂ!»

«አሁን ደግሞ ነፋስ ልትሸጥልኝ ነው?»

ዐወድ እጁን ያዘው። ደባልቄ በቡጢ አፉን አለው፤ ነጩ ጀላቢያ ላይ ደም ተንዠቀዠቀ። ሰውዬውን ጥሎ ደረቱ ላይ በጉልበቱ ቆመና መነጽሩን ከፈተው። ጭቃ የለ፣ ጉድፍ የለ፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። ደስ አለው። መልሶ አጥብቆ ጠመዘዘው፣ ብሩን ፊቱ ላይ በተነለትና ሄደ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል፤ መከራው ግን እምቢ ያለውን ብቻ መርጦ አይመታም።

በነሐሴ ሽፍቶቹ ተመልሰው ከወንዙ ማዶ የሚግጡትን በሬዎች ነዱ። የደባልቄ ታናሽ ወንድም ፈንታ ሦስት ጎረምሶች አስከትሎ፣ ለአራቱ አንድ ጠመንጃ ብቻ ይዞ ዱካቸውን ተከተለ። ደባልቄ ክላሹንና መነጽሩን ይዞ ከመሻገሪያው በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ። ከማዶ ላስቲክ የተከናነቡ ሰዎች ብቅ አሉ፤ ሁሉም ታጥቀዋል። ደባልቄ መነጽሩን አነሣ። ነጭ ጉም! በሸሚዙ ጠረገው፤ ጉሙ ግን ከውስጥ ነው። ደጋግሞ ጠረገው፤ ከጉሙ ጀርባ ፊት የሌላቸው ጥቁር ነገሮች ወደ ውኃው ይገባሉ።

«ማን ነህ! ቁም!» ብሎ ጮኸ። ዳቡስ ጩኸቱን ዋጠው።

ፊተኛው ጠመንጃውን ወደ ላይ አንሥቶ ወዘወዘ። ሊተኩስብኝ ነው አለ ደባልቄ። አማቱ የተጋደሙበት ደጅ ፊቱ ላይ ድቅን አለበት። ዘንድሮስ አላሳልፍም ብሎ ቃታውን ሳበ። ፊተኛው ተወርውሮ ወደቀ፤ ሁለተኛው ጉልበቱን ተመትቶ ውኃ ውስጥ ተገለበጠ። የቀሩት ላስቲካቸውን ገፍፈው ጥለው እጃቸውን እያውለበለቡ ስሙን ሲጠሩ በባዶ ዓይኑ አያቸው። የመንደሩ ልጆች ናቸው። ሽፍቶቹን ገድለው፣ ጠመንጃቸውን ማርከው፣ እየፎከሩ መመለሳቸው ነበር።

እየተንሸራተተ ወርዶ ወንዙ ውስጥ ገባ። ፊተኛውን በላስቲኩ ጎትቶ ዳር ላይ አወጣው። ፈንታ ነው፤ ሆዱ ተዘርግፏል።

ፈንታ ዓይኑን ገለጠና የወንድሙን አንገት በአንድ እጁ አንቆ ወደ ጭቃው ሳበው።

«ጋሼ፣ ጎንበስ በል» አለው። «ኮረብታው ላይ ተኳሽ አለ።»

ጉልበቱን የተመታውን ደግፈው የቆሙት ጎረምሶች ፊታቸውን አዞሩ። ደባልቄ እኔ ነኝ ለማለት አፉን ከፈተ፤ የፈንታ እጅ ግን ይበልጥ ወደ ታች ሳበው። እንደታዘዘው ከወንድሙ ጎን በደረቱ ተኛ፤ ያ እጅ አንገቱን እስኪለቀው ድረስም ቀና አላለም።