ሶፍት የተጠቀለለበት ማንኪያ

ከጠላቴስ እኔው እጠነቀቃለሁ፣ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ ይላል ሰው። እናት ከየትኛው ወገን እንደምትቆጠር ግን የነገረኝ የለም።

ስሜ ማጋሊ ነው። ሰሜን ፈረንሳይ፣ ዱዌ ከተማ፣ በአለቃዬ በሙሴ ዴልፖርት ኬክ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ መሀል ስትራስቡርግ ያለ ትልቅ ኬክ ቤት ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ሁለቴም እምቢ ብያለሁ። ምክንያቱ እናቴ ናት። ቤቷ ከሥራዬ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሽርጤን ሳልፈታ እሄድና ቡና እንጠጣለን። ስትራስቡርግ እንደተጠራሁ ለእሷ ትንፍሽ አላልኩም። ምን ያደርግላታል፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ታዲያ ዘንድሮ የሙሴ ዴልፖርት ጉልበት አልታዘዝ አለ። ልጅ የላቸውም። ኬክ ቤቱን ለእኔ ወይም ለሬጂ ለማስረከብ ቆረጡ። ሬጂ አሥር ዓመት ከእኔ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሠራ ሰው ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ምላሱ ግን አያርፍም።

«ኋላ እንዳታኮርፉኝ፣ እኔ አልመርጥም» አሉን። «በቅዱስ ኦኖሬ ቀን፣ በጋጋሪዎች በዓል፣ የድሮ ደንበኞቼን እጠራለሁ። ሁለታችሁም አንድ ነገር ሥሩ፤ ቡና የገባበት ጋናሽ፣ ቸኮሌት በክሬም ተለውሶ፣ ተመትቶ አረፋ ያለ። ሳህኑ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። የቀመሰ ሰው ማንኪያውን ከወደደው ሳህን አጠገብ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ይተወዋል። ብዙ ማንኪያ ያገኘ ቁልፉን ይወስዳል።»

ከዚያ የአሥራ አንድ ሰው ስም ጠሩ። ሰባተኛዋ ማዳም ጊሌን፣ እናቴ ነበረች።

«በቃ አለቀልኝ» አለ ሬጂ። «እናቷ ዳኛ ሆና? ቁልፉን አሁኑኑ ይስጧትና ወደ ሊጤ ልመለስ።»

«ጊሌን እዚህ ቤት አርባ ዓመት በልታለች» አሉ ሙሴ ዴልፖርት። « እሷን ትቼ ማንን ልጥራ? ደግሞስ የማን ሥራ እንደሆነ በምን ታውቃለች?»

በምን እንደምታውቅ እኔ አውቅ ነበር። እውነቱን ልናገርና፣ ተማምኜበትም ነበር። እኛ የሰሜን ሰዎች ቡና ብቻውን አንወድም፤ ተቆልቶ የተፈጨ የሺኮሬ ሥር ቆንጠር አድርገን እንጨምርበታለን። መጠኑን በሁለት ጣት ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ ገና በሰባት ዓመቴ። ቡና በሚገባበት ነገር ሁሉ ያቺን ቆንጠር አልተውም። ሬጂ የደቡብ ልጅ ነው፤ ሺኮሬ ሲሸተው አፍንጫውን ይይዛል፣ «የጦርነት ጊዜ ቡና» እያለ ይቀልድብኛል። ስለዚህ ሺኮሬ ያለበት የእኔ፣ የሌለበት የእሱ ነው። እናቴ ይህን ለማወቅ ግማሽ ማንኪያ አያስፈልጋትም።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ቡናውን ሰነጣጥቄ ከሺኮሬው ጋር ቀዝቃዛ ክሬም ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ክሬሙ ሳይፈላ ሲያድር የቡናውን ሽታ ይወስዳል፣ ምሬቱን ይተዋል። በማግስቱ አጠለልኩና ግማሹን አሙቄ፣ በቀለጠው ቸኮሌት ላይ ሦስት ጊዜ ከፍዬ አፈሰስኩ፤ ከመሀል ወደ ዳር እያማሰልኩ፣ እስኪያብረቀርቅ። የቀረውን ቀዝቃዛ ክሬም ጨምሬ ከደንኩና ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩት። ሳያድር የተመታ ጋናሽ ውሃ ያወጣ እንደሆነ እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም።

በበዓሉ ጠዋት በእጄ መታሁት። ማሽኑን አላመንኩትም። መምቻው ዱካ መተው ሲጀምር ማቆም አለብሽ፤ አሥር ጊዜ ብቻ ብታበዢ አሸዋ ይሆንብሻል።

«ምቺው፣ ምቺው፣ ቅቤ ሆኖ ይውጣልሽ» አለ ሬጂ በአጠገቤ ሲያልፍ።

«አንተ የራስህን እይ። ከአሁኑ አልቦታል።»

ሳቅን። በዚያች ሰዓት ደስተኛ ነበርኩ፤ ይኼን አልክድም። የእኔ ሳህን ላይ አንድ ቁጥር፣ የእሱ ላይ ሁለት ተለጠፈ። ደንበኞቹ ሲገቡ እኛ ጓዳ ተቀመጥን። በበሩ የእናቴን ሳል ሰማሁና ልቤ ተረጋጋ።

ሙሴ ዴልፖርት ብርጭቆዎቹን ራሳቸው ይዘው ገቡ። እዚያው ፊታችን ቆጠሩ። አንድ ቁጥር አምስት። ሁለት ቁጥር ስድስት።

ሬጂ አልቀለደም። እጁን በሽርጡ ጠረገና ዘረጋልኝ። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት፤ ከልቤም ነበር፣ ይገባዋል። ሙሴ ዴልፖርት ትከሻዬን ነካ አድርገው ወደ እንግዶቹ ወጡ፣ እሱንም ይዘውት ሄዱ። እኔ የማደርገው ባጣ ማንኪያዎቹን ልጠብ ብዬ ብርጭቆዎቹን አነሳሁ።

ከሁለት ቁጥር ብርጭቆ ውስጥ አንዱ ማንኪያ እጀታው ላይ ሶፍት ተጠቅልሎበታል።

እናቴ ጣቶቿን ቁርጥማት ይዟታል፤ ቀዝቃዛ ብረት ያማታል። ቤቷም ይሁን የሰው ሠርግ ላይ፣ ማንኪያ ስትይዝ መጀመሪያ እጀታውን ሶፍት ትጠቀልለዋለች። ዱዌ ውስጥ እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላየሁም። አንድ ማንኪያ ነበር ልዩነቱ። ያቺ ማንኪያ።

ምላሷ ደክሞ ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ተሳስታ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ የተረፈኝን ጋናሽ በሳህን ይዤ አሥር ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ሳህኑን ፊቷ አስቀመጥኩ። ማንኪያ አወጣች፣ ሶፍቱን ጠቀለለች፣ ቀመሰች።

«ሺኮሬው ልክ ነው» አለች ወዲያው።

ከዚያ ምን እንዳለች ገባትና ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ስለዚህ ጠዋትም አውቀሽዋል» አልኳት።

«አፌ ሳይገባ፣ ገና በጠረኑ።»

«የሬጂ በለጠብሽ?»

«የሱ? ስኳር ብቻ።» እንደ መናደድ አለች፣ ሥራዬን የሰደብኩባት ይመስል።

«ታዲያ ለምን እማዬ?»

ምድጃው ጠርዝ ላይ ያለውን የቡና ማንቆርቆሪያ ስታስተካክል ቆየች። «ሙሴ ዴልፖርት እናታቸው ቤት ቡና ሲጠጡ አይተሻቸው ታውቂያለሽ? የሞተች ቀን እንኳ ምድጃ ሥር ነበሩ። ባለቤት ስትሆኚ አንቺም እንደሳቸው ነው። ወንድምሽ እንደሆነ ሩቅ አገር፣ ቦርዶ ከተማ ገብቶ ቀርቷል። አሥር ሰዓት ሲሆን ማን ይመጣልኛል?»

«ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

«ጠይቄሽ እውነቱን ትነግሪኛለሽ?» አለች። «ደግሞ ምን ተጎዳሽ? ሬጂ ደግ ልጅ ነው፣ አያባርርሽም። እዚያው ትሠሪያለሽ። ምንም አልተለወጠም።»

አስባበታለች ማለት ነው። ሁሉን አመቻችታ ነው ማንኪያውን የጣለችው። ሳታውቀው፣ ምላሷ ከድቷት ቢሆን ኖሮ፣ እቅፍ አድርጌያት አብሬያት አለቅስ ነበር። አሁን ግን ያንን ስድስተኛ ማንኪያ እያሰብኩ በሬጂ ሥር ልቆም አልችልም። ይህችን ቡና ለመጠጣት ብዬ ሁለት ጊዜ እምቢ ያልኩትም ትዝ አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ፊቷ ስትራስቡርግ ደወልኩ። የጠየቁኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ እንደምመጣና መቼ እንደምመጣ። አዎ አልኩ፣ የፊታችን ወር አልኩ።

እናቴ ስልኩን እስክዘጋ ጠበቀች። ጣቶቿ ሶፍቱን ከማንኪያው እጀታ ላይ ይፈቱታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል።

«በባቡር ሩቅ ነው?» አለች።

«አራት ሰዓት ያስኬዳል እማዬ። ኬክ ቤቱ ግን ሁለት መንገድ አልፎ ነበር።»

ተነስታ ሁለት ስኒ አወረደችና እንደ ወትሮው የእኔን አስቀድማ ቀዳች።