ዜሮ የተበላባቸው ካርዶች

ይቅር አላልኩትም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ የሚከፋው ይከፋው።

ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ አውጥቻለሁ፣ መልሻለሁ፣ ወለሉንም ወልውያለሁ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደልና ቁጥር የለየሁት ከልጄ ደብተር ላይ ነው። ያቺው ልጄ አድጋ እዚያው ጸሐፊ ሆነች። ካርዶቹ ወደ ኮምፒውተር ይግቡ ሲባል አራት ወር ሙሉ አንገቷን ደፍታ ዘጠኝ ሺህ በሽተኛ አንድ በአንድ መዘገበች። ከዚያ የሷን ፋይል ወደ ዋናው ዳታቤዝ የሚያዛውር ባለሙያ መጣ። እኔ ፕሮፌሰር ብዬ ሰየምኩት። የጫማው ሹል አፍንጫ እሱን ቀድሞ ነው በር የሚገባው።

ማክሰኞ ጠዋት ፋይሉን ጫነ። ዳታቤዙ ሺህ መቶ ስልሳ ሦስት ሰው አልቀበልም ብሎ መለሰ፤ ምክንያቱም «ይህ ቁጥር ተይዟል» የሚል ነው። ፕሮፌሰር ወንበሩን ወደ ልጄ አዞረ።

«አንድ ቁጥር ለሁለት ሰው ትሰጫለሽ እንዴ? ተኝተሽ ነበር የምትጽፊው?» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«ካርዱ ላይ ያለውን ነው የጻፍኩት።»

«ቁጥር የማትለይ ልጅ እዚህ ማን አስቀመጣት?»

መወልወያዬን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። «እስቲ የተመለሱትን አሳየኝ፤ ካርዶቹን አውቃቸዋለሁ» አልኩት።

«እማማ፣ ይሄ የተማረ ሰው ሥራ ነው። እርስዎ ወለልዎን ይወልውሉ።»

ከሰዓት በኋላ ልጄ ከሥራ እንድትሰናበት ለዳይሬክተሯ ደብዳቤ ጻፈ። ዓርብ ስብሰባ ላይ ይታያል ተባለ። ልጄ ቤት ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች፤ እህል አልቀመሰችም። እኔ ግን የዚያን ቀን ፈረድኩበት።

ረቡዕ የቆሻሻ ቅርጫቱን ስደፋ የተመለሱት ሰዎች ዝርዝር ተጨማዶ ተጥሎ አገኘሁ። ዘርግቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የሁሉም ካርድ በመስኮቱ በኩል ያለው መደርደሪያ ላይ ነው፤ አንድ እንኳ ሌላ የለበትም። ድሮ የታችኛው ሰፈር ክሊኒክ ተዘግቶ ካርዶቹ ወደኛ ሲመጡ፣ ከኛዎቹ ጋር እንዳይምታቱ ቁጥራቸው ፊት ዜሮ ጨመርንባቸው። በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዷን ዜሮ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔም ካርድ ከነሱ አንዱ ነው፤ 0731። ዝርዝሩ ላይ ግን 731 ይላል። የዜሮ ዘር የለም!

ልጄን ጠርቼ የራሷን ፋይል አስከፈትኳት። ዜሮዎቹ አንድም ሳይጎድሉ ተሰልፈዋል።

«እሱ ከመጫኑ በፊት ፋይሉን ከፍቶ እንደገና አስቀምጦታል» አለች ልጄ፣ ፊቷ እየበራ። «ኮምፒውተሩ የሚደመር የሚቀነስ ቁጥር መስሎት ፊት ያለውን ዜሮ በላው። በቃ፣ ሮጬ ልንገረው!»

«ቁጭ በይ!»

«እማዬ፣ ቀላል እኮ ነው። ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ይያዝ ብሎ ቢጭነው ያልቃል።»

«ብትነግሪው በጓዳ አስተካክሎ ዓርብ 'እኔ አገኘሁት' ይላል። በሰው ፊት አዋርዶሻል፤ በሰው ፊት ይዋረዳል።»

የወረቀት ካርዶቹ እጄ ላይ ናቸው፤ በሁለት ቀን የሚጎዳ በሽተኛ አልነበረም። ያንንም አስቤበታለሁ።

ዓርብ ነርሶቹም ዘበኛውም ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። ፕሮፌሰር ሥራውን በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርቶ «እኔ ጋ ምንም እንከን የለም፤ ስህተቱ የጸሐፊዋ ነው» አለ። እጄን አወጣሁ።

«እስቲ አንተ ልጅ፣ የኔን ካርድ አውጣልኝ። ዜሮ ሰባት ሦስት አንድ።»

ጻፈ። ኮምፒውተሩ ዜሮውን በላና ግድግዳው ላይ የፕሮስቴት ቀዶ ጥገና የተደረገለት የሃምሳ ዓመት አናጺ ወጣ።

«ውይ፣ እኔ ደግሞ ወገቤን የሚያመኝ እርጅና መስሎኝ!» አልኩ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዘበኛው ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ሳቁ ሲበርድ የኔንና የአናጺውን ካርድ ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልጄ ሁለቱን ፋይሎች፣ የሷንና የሱን፣ ከፍታ አሳየች።

«ፋይሉን እንደገና ያስቀመጠው ማነው?» አለች ዳይሬክተሯ።

«እኔ... ማለቴ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው ዜሮውን...»

«ኮምፒውተሩ የስንብት ደብዳቤ አልጻፈም» አልኩት።

ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን እዚያው ቀደደችው። ፋይሉ እንደገና እንዲጫን፣ ዜሮ ያላቸው ካርዶችም አንድ በአንድ ከወረቀቱ ጋር እንዲመሳከሩ አዘዘች፤ ኃላፊዋም ልጄ እንድትሆን።

ኮሪደር ላይ ተከትሎኝ መጣ። «እማማ፣ ይቅርታ።»

«እኔን ምን አደረግከኝ? እሷን በላት። ስብሰባው ሳይበተን።»

ተመልሶ ገባና ጫማውን እያየ ይቅርታ አላት። እሷ ወዲያው ይቅር አለችው፤ ልበ ለስላሳነቱን ከአባቷ ነው የወሰደችው። ከኔ አይደለም።

ከሰኞ ጀምሮ ካርድ ክፍል ውስጥ እኔ ካርዱን እይዛለሁ፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል።

«ሦስት ዘጠኝ ስምንት።»

«ፊቱ ላይስ ምን አለ?»

«ዜሮ።»

«አልሰማሁም።»

«ዜሮ!»

ጆሮዬ ከክፍሉ ማዶ መርፌ ሲወድቅ ይሰማል። ገና አራት መቶ ላይ ነን፤ እኔን የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።